ሆዳም ዙር

ማክሰኞ ጠዋት ሶልያና የመፍቻ ሻንጣዋን አንግታ ስትወጣ፣ ባሏ ምንተስኖት የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ በሩን ያይ ነበር። በሩ እጇን አነበበና ተከፈተ። ወዲያው በምንተስኖት የእጅ ሰሌዳ ላይ፣ በሚስቱ የዕለት መስመር መነሻ፣ አንዲት ምልክት ቁጭ አለች፤ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ሁለተኛዋ መጣች፤ ባቡር። ከዚያ ሦስተኛዋ፤ ዳቦ ቤት። ሻዩ በረደ። ምንተስኖት ቢሮው እስኪደርስ ድረስ ዓይኑን ከሰሌዳው አልነቀለም።

ይህን በማድረጉ የታዘበው ሰው የለም። ዱካ ግዴታ በሆነበት ዓመት የተወለዱ ልጆች ዛሬ ወልደው ስመዋል። በር ሲከፈት፣ ባቡር ሲሳፈሩ፣ ዳቦ ሲገዙ፣ ሰው ሲጨብጡ አንድ ምልክት ይወድቃል፤ ምልክቶቹ ተሰልፈው የሰውየው ቀን ይሆናሉ። በአዲስ አበባ ባልና ሚስት ቁርስ ላይ አንዱ የሌላውን የትናንት መስመር ያነባል። «ከሰዓት ሁለቴ ውሃ ገዝተሃል፤ አሞህ ነበር እንዴ?» ይባባላሉ። መተሳሰብ ማለት ይኸው ነው። መስመሩን ከትዳር ጓደኛው የሚደብቅ ሰው ከተገኘ ሰፈሩ ከንፈሩን ይመጥበታል፤ ቀስ በቀስም ሰላምታ ይቀንስበታል።

ምንተስኖት የሚሠራው ከመገናኛ በላይ ባለው ረጅም ሕንፃ፣ ንድፍ ቤት በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ባንክ ይመጣና «ብድሩን የሚክድ ሰው ቀኑ ምን ይመስላል?» ይላል። ትምህርት ቤት ይመጣና «ሊያቋርጥ ያሰበ ተማሪ እንዴት ይውላል?» ይላል። ንድፍ አውጪዎቹ ይጽፋሉ፤ ሞተሩ የተጻፈውን ይዞ በከተማው መስመሮች ላይ ይሮጣል። የአንድ ሰው ቀን ከንድፉ ጋር ከዳር እስከ ዳር ከተስማማ ሞተሩ «ገጥሟል» ይላል። ከዚያ በኋላ ብድሩ ይከለከላል፣ ወላጅ ይጠራል፣ በር ይዘጋል። ለምን ገጠመ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም፤ ገጥሟላ።

የውጭ ሰው የማያውቀው፣ ሞተሩ ንድፉን እንደተጻፈለት አለማስቀመጡን ነው። ይቆራርጠውና ቋጠሮ በቋጠሮ ያደርገዋል፤ ከቋጠሮ ወደ ቋጠሮ ቀስት ይዘረጋል። አንዱ ቋጠሮ «ወጣ» የሚለውን ምልክት ብቻ ያሳልፋል። ሌላው መንታ ነው፤ በባቡር ወይም በእግር። የሰውየው ቀን በመጀመሪያው ቋጠሮ ይገባል፤ መንታ ላይ ሲደርስ ሞተሩ እዚያ ጠጠር ያስቀምጥና በአንደኛው መንገድ ይሄዳል። መንገዱ ከተዘጋበት ወደ ጠጠሩ ተመልሶ ሌላውን ይሞክራል። አይሰለችም፣ አያፍርም፣ «ተሳስቼ ይሆን?» አይልም።

ከቋጠሮዎቹ ሁሉ ንድፍ አውጪዎች የሚፈሩት ሆዳሙን ዙር ነው። ቀስቱ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ «ማንኛውም ነገር፣ ስንት ጊዜም» ይላል። ቀኑን ሙሉ በአንድ ጉርሻ ይውጠዋል። ከኋላው ያሉት ቋጠሮዎች የድርሻቸውን ሲጠይቁት ከዋጠው ላይ አንድ በአንድ እየመለሰ ይሰጣቸዋል፤ እስኪገጥም ድረስ።

ለዚህም ነው ንድፍ ቤት የማይጣስ ልማድ ያለው፤ ስሙ ውስጥ ንባብ ነው። ማንም የራሱን ንድፍ ውስጥ ራሱ አያነብም። ባልደረባው አጠገቡ ይቀመጥና፣ ሞተሩ ውስጥ ያለውን ቋጠሮ በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ሰው የራሱን ሲያነብ የሚያየው ያሰበውን እንጂ ያለውን አይደለም፤ ይህን በቢሮው የማያውቅ የለም። ለምንተስኖት የሚያነቡለት እትዬ ፌቨን ነበሩ፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ በልጅነታቸው የዘመናይ የነበረው ስማቸው ዛሬ የአሮጊት ስም የሆነባቸው፣ ምላሳቸው የማይቻል ሴት። «ልጄ፣ ይሄ ቋጠሮህ ዶሮውንም ውሻውንም ያሳልፋል» ካሉት፣ ምንተስኖት ተመልሶ ያጠብቀዋል።

*

ነገሩ የጀመረው በክፍተት ነው።

ሶልያና የሊፍት ጥገና ባለሙያ ናት። ከተማው ወደ ላይ ካደገ ወዲህ እንደ እሷ የሚፈለግ ሰው የለም፤ ሊፍት በቆመበት ብሎክ ሽማግሌ ይታገታል፣ ነፍሰ ጡር ደረጃ ላይ ታምጣለች። በመስመሯ ላይ ታዲያ ማክሰኞና ሐሙስ እኩለ ቀን አካባቢ ዝምታ ይታያል፤ በር የለ፣ መጨባበጥ የለ፣ ግዢ የለ። ብሎክ ሰማንያ ሰባት ገባች ይላል፤ ከዚያ ምንም፤ ከዚያ ወጣች። የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ዱካ እንደማይያዝ ምንተስኖት አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም አንጀቱ አልተቀበለውም።

አንድ እሑድ የሶልያና ስልክ ጠራ። እጇ ሊጥ ነክቶት ስለነበር ድምፁን ለቀቀችው። «ሶሊ፣ እንደምን ዋልሽ? ሰማንያ ሰባት ደግሞ ቆመ እኮ» አለ ከጉሮሮው ሥር የሚወጣ፣ በርሜል ውስጥ ያለ የሚመስል ወፍራም ድምፅ።

«ያፌት! ማክሰኞ እመጣለሁ፣ አትነካካው» አለች እየሳቀች።

«ማነው?» አለ ምንተስኖት።

«የብሎኩ ተቆጣጣሪ ነው።»

ሶሊ የሚለውን ስም ያወጣላት ምንተስኖት ነበር፤ ገና ሳይጋቡ፣ ባቡር ጣቢያ ዝናብ አግቷቸው ሳለ። ሌላ ሰው ሲጠራት ሰምቶ አያውቅም። ቀና። ለዚህ ሌላ ቃል የለውም። ያን ዕለት እህል አልወርድ አለው፤ ሌሊቱንም የዚያን ሰው ድምፅ በጆሮው ይዞ አደረ። የራሱ ድምፅ ቀጭን ነው፤ ልጅ ሆኖ በስልክ ሲያወራ እናቱ ነው ብለው የሚያናግሩት ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ያላየውን ማየት ጀመረ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሶልያና እንቁላል ትቀቅላለች፤ ሁለት። አንዱን ለራሷ ነው እንበል። ሁለተኛው ለማን ነው? መስመሯ ይህን አይናገርም። ምንተስኖትም አልጠየቃትም፤ መጠየቅ ቅናቱን ያጋልጠዋል፣ ቅናት ደግሞ በዚያ ዘመን ያስቃል። ሁሉ ነገር በሰሌዳ ላይ በሚታይበት አገር የሚቀና ሰው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ባትሪ የሚያበራ ሰው ነው ይሉታል።

ስለዚህ ንድፍ መንደፍ ጀመረ።

ሕጉ ይፈቅድለታል። ባለትዳር ሁሉ የቤተሰቡን መስመሮች የሚያጣራ ንድፍ ማስገባት መብቱ ነው። ንድፉ ከገጠመ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የቤቱ በር የገጠመበትን ሰው እጅ ይረሳል፤ ፍርድ ቤት የለ፣ ሽማግሌ የለ። ምንተስኖት ለንድፉ ስም ሰጠው፤ የከዳች ሚስት።

መጀመሪያ ቀጭን ነበር። ማክሰኞ ብሎክ ሰማንያ ሰባት ትገባለች፣ ዝም ትላለች፣ ዘግይታ ቤት ትመጣለች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሶልያና በጊዜ መጣች። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ተቀምጦ አሰበ፤ የሚያጠፋ ሰው እንዳይነቃበት ቀድሞ ይመጣል። «ዘግይታ ወይም ቀድማ» ብሎ ጨመረ። ሐሙስ ልክ በሰዓቷ ደረሰች። እንዲህ የተጠነቀቀችው ለምንድን ነው? «ወይም በሰዓቱ» ብሎ ጨመረ።

አንድ ቀን እየሳቀች ገባች። ያሳቃት ማን ነው? ጻፈው። በማግስቱ ዝም ብላ ገባች። የምትደብቀው ነገር ከብዷት ነው፤ ይህንንም ጻፈው። ሽሮ ስትሠራለት አዘነላት፤ ከዚያ ወዲያው «የጥፋተኛ ሰው ደግነት ነው» አለና በመንታው ላይ አንድ ቅርንጫፍ ቀጠለ። ሳትሠራ ስትቀር ሌላ ቅርንጫፍ። ብሎክ ሰማንያ ሰባት ሳትሄድ የዋለችበት ማክሰኞም መጣ። ያን ቀን ምንተስኖት ለአፍታ ያህል ተንፈስ አለ። ማታ ግን ያፌት ሌላ ቦታ ሊያገኛት እንደሚችል ታየውና፣ ዝምታውን «ይኑርም አይኑርም» አደረገው፤ ብሎኩን «ሰማንያ ሰባት ወይም ሌላ የትም» አደረገው።

ሚስቱ ንጹሕ መሆኗን ያሳየ ቀን ሁሉ አንድ «ወይም» እየሆነ ገባ። ንድፉ ረዘመ። ምንተስኖት በርዝመቱ ኮራ፤ እያንዳንዱ ቃል ንድፉን የሚያጠብቅ መሰለው። በባንክ ንድፍ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ቢያይ ይስቅ ነበር፤ «ወይም» በተጨመረ ቁጥር በሩ እንደሚሰፋ የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው። በመካከልና በመጨረሻው፣ ያላወቀውን ሁሉ እንዲሸፍንለት፣ ሆዳም ዙር አስገባ።

ዓርብ ከሰዓት ለማስገባት ተዘጋጀ። ሞተሩ ውስጡን ያነበበውን ሰው ስም ጠየቀው። እትዬ ፌቨን ከፊት ለፊቱ ተቀምጠው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ።

«ምን ይዘሃል? ላንብብልህ?» አሉት።

«ተራ ነገር ነው፤ የውሃ ክፍል ያዘዘው ንድፍ ነው» አለ።

እሳቸው ይህን ቢያነቡ ሰኞ ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ምንተስኖት ቀንቷል ይባላል፤ ይሳቃል። ፊቱ እየጋለ የእትዬ ፌቨንን ስም ራሱ አስገባና ላከው። ዕድሜውን ሙሉ ሳያስነብብ ያስገባው ንድፍ ይህ ብቻ ነበር።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መልሱ መጣ። ገጥሟል። ሶልያና፤ ገጥሟል።

ምንተስኖት መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። የሚያሳፍር ደስታ። ብዙ ወራት ሆዱን ሲበላው የኖረው ነገር እውነት ነበር፤ እብድ አልነበረም። ከዚያ ደስታው አለቀና ዓይኑ ደም ለበሰ። ሶልያና ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጣ አንድ ያረጀ ፑሊ በዘይት ትወለውላለች።

«ያፌት ማነው?» አላት።

ቀና አለች። «ነግሬሃለሁ እኮ። የብሎክ ሰማንያ ሰባት ተቆጣጣሪ።»

«ሁለተኛው እንቁላል ለማን ነው?»

ሶልያና ጨርቁን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር ታየ። በዚያው ቅጽበት የእሷም የእጅ ሰሌዳ ጮኸ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ንድፍ አስገባህብኝ?» አለች ቀስ ብላ። «በእኔ ላይ?»

«ገጥሟል» አለ ምንተስኖት። «ሞተሩ ነው ያለው፤ እኔ አይደለሁም።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ከጓዳው ክፍል የአባቱ ድምፅ መጣ። አቶ ናትናኤል የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ሁለት ክረምት አልፏል፤ የምትገለብጣቸው፣ የምታጎርሳቸው ምራታቸው ሶልያና ናት። መስመራቸው ላይ ከመድኃኒትና ከመስኮት በቀር ምልክት የለም።

«ምንተስኖት! ኧረ ምንተስኖት! ይሄ ሰሌዳ ምን ይለኛል? ትዳርህን ከድተሃል፣ ማታ ከቤት ትወጣለህ ይለኛል። እናትህ ካረፈች ስንት ዓመቷ! ከማን ጋር ነው የሄድኩት?»

ሶልያና ፈገግ አላለችም። ምንተስኖትም የራሱን ሰሌዳ አየ። ከሚስቱ ስም ሥር የአባቱ ስም፣ ከአባቱ ስም ሥር የራሱ ስም ነበር። ንድፉ ለቤተሰቡ መስመሮች ሁሉ ነው፤ ሦስቱም ላይ ገጥሟል።

«ውስጡን አሳየኝ» አለች ሶልያና።

«የራስን ንድፍ ውስጥ ማንበብ አይፈቀድም።»

«የአንተ አይደለም፤ ስለ እኔ ነው የተጻፈው። ሊፍት ሲቆም እኔ ቁልፉን እየተጫንኩ አላለቅስም፤ ክዳኑን ነው የምከፍተው። ክፈተው።»

ከፈተው። ምንተስኖት በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የቋጠሮ ጫካ እንደሚዘረጋ ጠብቆ ነበር፤ ያን ሁሉ ወራት የጻፈው ነገር። ግድግዳው ላይ የወጣው አንድ ቋጠሮ ነው። ከእሱ የወጣችው ቀስት ዞራ ወደ እሱ ትመለሳለች። ሌላ ነገር የለም።

«አንብብልኝ» አለች። «ሥራህ አይደል?»

ጣቱን ቋጠሮው ላይ አደረገ። «ማንኛውም ነገር» አለ። «ስንት ጊዜም።»

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«የጻፍከው የታለ?»

ምንተስኖት ሊያስረዳት ሞከረ፤ እያስረዳት ራሱ ሰማው። «ዘግይታ ወይም ቀድማ ወይም በሰዓቱ ስለው፣ መቼም ማለት ነው ብሎ አጠፈው። እየሳቀች ወይም ዝም ብላ ስለው፣ እንዴትም ማለት ነው ብሎ አጠፈው። እዚያ ወይም ሌላ የትም ስለው…» ቆመ። «የማይለውጥ ነገር ሲያገኝ ያጥፈዋል። ያለው ሁሉ ዙሩ ውስጥ ገባ።»

«ስለዚህ ይሄ ነው» አለች ሶልያና፣ ወደ ግድግዳው እያየች። «ብትስቅም ባትስቅም። ብትመጣም ብትቀርም። ምንም ባደርግ መውጫ አልነበረኝም።»

ስልኩ ጮኸ፤ እትዬ ፌቨን ነበሩ። ሰላምታ አልሰጡትም።

«በእኔ ስም! በእኔ ስም አስገባህ? ይሄ ንድፍህ እኮ ለከተማው ቢለቀቅ ማታ በር የሚከፈትለት አንድ ሰው አይገኝም፤ ጳጳሱም ውጭ ነው የሚያድሩት። ሰርዤዋለሁ። በሩ ማታ ይከፈትላችኋል። ሌላውን ግን እኔ መመለስ አልችልም፤ እሱን አንተው እንደሆንክ መልስ።»

ሶልያና ሻንጣዋን አነሳች። አባቱን ጓዳ ገብታ አገላብጣ፣ ትራሳቸውን አስተካክላ ወጣች። በሩ ላይ ቆመች።

«እህቴ ጋ ለገጣፎ ነው የምሆነው። አባባን ጠዋት እየመጣሁ አያቸዋለሁ።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ሰማንያ ሰባት ላይ ምን እንደማደርግ ልንገርህ። ሊፍቱን ጠግኜ ስጨርስ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ፣ የሊፍቱ ጣሪያ ላይ እቀመጣለሁ፤ እዚያ ምልክት አይይዝም። ገመዶቹ ከላይ ሲነፍስባቸው ይዘምራሉ። ምሳዬን እበላለሁ፤ ማንም የማያነበኝ እዚያ ብቻ ነው። ያፌት ሊፍቱን ከማንቀሳቀሱ በፊት እንዳልጎዳ ከሥር በቁልፉ ሁለቴ ያንኳኳልኛል። ይኸው ነው ያፌት። አንድ ቀን አብረን እንሂድ፣ ላሳይህ ብዬህ ነበር። ከመጋቢት በፊት። ታስታውሳለህ?»

አስታወሰ። ሥራ አለብኝ ብሏት ነበር። ያን ቀን ሥራው የእሷን መስመር ማንበብ ነበር።

«እንቁላሉስ?» አለ። ከአፉ አመለጠው።

ሶልያና ሻንጣዋን ወደ ትከሻዋ አወጣች። «እሱን ራስህ ድረስበት» አለችና ወጣች። በሰሌዳው ላይ ምልክቷ ወደቀች።

*

ሰኞ እትዬ ፌቨን ከፊቱ ተቀምጠው ኦቾሎኒያቸውን አልፈለፈሉም። ነገሩ ተሰምቷል፤ ቢሮው ውስጥ ግን የሳቀበት ሰው አልነበረም። ይህ ከሳቅ የባሰ ሆነበት።

«ትመለስ ይሆን?» አላቸው በመጨረሻ።

«እኔ ምን አውቄ? አንተ እኮ ስትጠብቃት የኖርክ ሰው ነህ። የሶልያናን ንድፍ ንደፍልኝ እስቲ፤ እሷን ብቻ የሚያሳልፍ፣ ሌላ ሰው የማያሳልፍ።»

ምንተስኖት ሰሌዳውን አቀረበ። መጀመሪያ ማን እንዳልሆነች ሳይሆን ማን እንደሆነች መጻፍ አለበት። ዳቦ ስትገዛ የትኛውን ትመርጣለች? መስመሩ ዳቦ ይላል እንጂ የትኛውን አይልም። ስትሠራ ታንጎራጉራለች? ምን? ከባቡር ስትወርድ ለምን ሁልጊዜ ትንሽ ትቆያለች? ምልክቶቿን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ከምልክቶቹ መካከል ያለችውን ሴት ግን አያውቃትም። እስከ ምሳ ድረስ የጻፈው አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው፤ ሁለት እንቁላል ትቀቅላለች።

እትዬ ፌቨን አዩት። «ይቺ ጠባብ ቋጠሮ ናት፤ ደህና ጀምረሃል» አሉ። «ሂድና ቀሪውን ጠይቃት። ሰሌዳውን ሳይሆን እሷን።»

ማክሰኞ እኩለ ቀን ሲሆን በሰሌዳው ላይ የሶልያና መስመር «ብሎክ ሰማንያ ሰባት» ብሎ ዝም አለ። ምንተስኖት ከጣቢያው ጀምሮ በእግሩ ሄደ። ይቅርታ የሚጠይቅበትን ቃል በመንገዱ ሁሉ ሲያዘጋጅ ነበር፤ አጭር ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሳዪኝ ያልሽኝን አሳዪኝ።

የብሎኩ መግቢያ ላይ የተቆጣጣሪው ወንበር ባዶ ነበር፤ ኮቱ ተሰቅሏል፣ ሰውየው ምሳ ወጥቷል። ኮቱ ሰፊ ነው፤ ትከሻው ያስፈራል። ምንተስኖት ኮቱን አይቶ ዓይኑን አዞረ። የሊፍቱ በር ክፍት ነው፤ ከላዩ «ጥገና ላይ» የሚል ጽሑፍ ይበራል። ሊፍቱ መሬት ላይ ቆሟል። ገባ። የእጅ ሰሌዳው ወዲያው ጠፋ፤ ምልክት አልያዘም። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ባዶ የእጅ አንጓ አይቶ አያውቅም ነበር።

ከጣሪያው በላይ ድምፅ ሰማ። አንድ ጠንካራ ነገር ከብረት ጋር ቀስ ብሎ ተጋጨ፤ ከዚያ የቅርፊት መሰንጠቅ። ሶልያና ምሳዋን እየበላች ነው። ከላይ፣ ከሩቅ፣ ገመዶቹ በነፋሱ ይዘምራሉ፤ እውነቷን ነበር። ምንተስኖት ጆሮውን ቀና አድርጎ የሌላ ሰው ትንፋሽ ፈለገ። ይህን ማድረጉን ሲያውቅ አፈረ፤ ግን አላቆመም። የሌላ ሰው ትንፋሽ አልነበረም። ብቻዋን ናት። በጸጥታዋ፣ በገመዶቹ፣ እሱ በሌለበት እንዲህ ደህና በመሆኗ ቀና፤ በዚህ ሁሉ አንድ ላይ።

የቢሮ መሳቢያውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ጣሪያውን ሁለቴ አንኳኳ።

«ያፌት ነህ?» አለች ሶልያና።

ድምፅዋ ሞቅ ያለ ነበር። ፈገግ ብላ ነው የተናገረችው፤ ፈገግታ በብረት ውስጥም ያልፋል። ለእሱ እንዲህ ያለ ድምፅ ካሰማችው ስንት ጊዜ ሆነ? ለያፌት ግን አለ፤ ሳታየው፣ በማንኳኳቱ ብቻ። ምንተስኖት እኔ ነኝ ለማለት የከፈተው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። በመንገዱ ሁሉ የያዘው ቃል፣ የእትዬ ፌቨን ምክር፣ በግድግዳው ላይ ያያት ያቺ አንዲት ቋጠሮ፣ ሁሉም በአንድ ጉርሻ ተዋጠ። ለያፌት ምን እንደምትለው መስማት አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ እኔ ነኝ ይላታል።

«አዎ» አለ፣ ድምፁን ከጉሮሮው ሥር አውጥቶ፣ አወፍሮ።

ቅርፊቱ ሲነሳ ተሰማ።

«ያፌት ወንድሜ፣ ገና ነኝ፤ እንዳታንቀሳቅሰው» አለች። «ዛሬ ምናልባት ባለቤቴ ይመጣ ይሆናል። ከመጣ አታቁመው፣ ማነህም አትበለው፤ መሰላሉን አሳየውና ወደዚህ አውጣው። እሱ ለመጣ ጊዜ ብዬ ሁልጊዜ የምይዘው እንቁላል አለ አላልኩህም? ዛሬም አስቀምጬለታለሁ።»

ምንተስኖት በጣሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ መውጫ አየ። መሰላሉ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ በእጁ አጠገብ ነበር። አሁን እኔ ነኝ ቢላት፣ ማን ሆኖ ሲያዳምጣት እንደነበረ ታውቃለች።

«ሰማኸኝ፣ ያፌት?»

«እሺ» አለ ምንተስኖት፣ በዚያው በወፍራሙ ድምፅ።